ስለ ጀርባው በርና ስላልተሸኙት እንግዶች

ቀን፦ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፦ የለውም (ማኅተም ስለሌለን ቁጥር ለመስጠት አልደፈርንም)

ለተከበሩ አቶ ዘርአጽዮን
የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና አንዲት በር ማስከፈትን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በመልካም መንፈስና ከተቻለም ከስብሰባ ውጭ ሆነው ሳለ እንዲደርስዎ ከልቤ እመኛለሁ። የደም ግፊትዎ ልክ፣ ወንበርዎ ምቹ፣ የቢሮዎ ኢንተርኔትም የማይቆራረጥ ይሁንልዎ። እኔ ዮሃና አረጋዊ እባላለሁ። አምና ክረምት ላይ ተመርቄ ከመስከረም ጀምሮ ቦሌ አራብሳ፣ ከኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤታችን የሰባተኛ ክፍል ኅብረተሰብ ትምህርት አስተምራለሁ። በስሜ ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ የጻፉልኝ መምህርት እኔ ነኝ። ሐሳቤን በአካል ላስረዳዎ አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳና በሰፈሩ የቴሌግራም ቡድን በኩል ብጽፍልዎ እርስዎም ሳይደክሙ፣ እኔም ታክሲ ሳልሰለፍ እንገናኛለን ብዬ ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

1ኛ. በጥቅምት ወር ወሎ ሰፈር በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ «በመጠየቅ መማር» በሚል ርዕስ ለሁለት ቀናት ስለሰጡን ሥልጠና እጅግ አመሰግናለሁ። ሰማንያ ስድስት ስላይድ አሳይተውናል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጇን ስታወጣ ጥያቄ ያለው ሰው መጨረሻ ላይ እንዲያነሳ በትሕትና አሳሰቡ፤ መጨረሻው ሲደርስ ደግሞ የቡድን ፎቶ መነሳት ስለነበረብን ሰዓቱ አለቀ። አንድም ጥያቄ ያልተነሳበት የመጠየቅ ሥልጠና በመካፈሌ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ቀልዴን እንዳይመስልዎ፣ አርባ አንደኛውን ስላይድ ስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ፤ «መምህሩ መልስ አይሰጥም። ተማሪው ከአካባቢው ጥያቄ ያነሳል፣ መረጃ ይሰበስባል፣ መልሱን ራሱ ይደርስበታል» ይላል። እኔም አመንኩዎት። ከዚያ በኋላ የደረሰው ጥፋት ሁሉ የመጣው ከዚህ ማመን ነው።

2ኛ. ለእቅድ ማውጫ ቅጹ አመሰግናለሁ። ቅጹ ስድስት ዓምድ አለው፤ አራተኛው ዓምድ «ተማሪዎች የሚያነሱት ጥያቄ»፣ አምስተኛው «ተማሪዎች የሚደርሱበት መልስ» ይላል። ሁለቱም ጥያቄው ከመነሳቱ ከአንድ ወር በፊት ተሞልተው ለጽሕፈት ቤቱ መቅረብ አለባቸው። እኔ በአዲስ ተመራቂ የዋህነት አምስተኛው ዓምድ ላይ «ገና አልጠየቅንም» ብዬ ብጽፍ፣ ቅጹ በቀይ ስክሪፕቶ «ይሞላ» የሚል ቃል ተጽፎበት ተመለሰልኝ። ሞላሁት። «ተማሪዎቹ አካባቢያቸውን በሚገባ ያውቃሉ» አልኩ። ይኸው፣ ክቡርነትዎ፣ በእቅዱ መሠረት አወቁት።

3ኛ. አሁን ወደ ካርታው ልምጣ። ሰባተኛ «ለ» ክፍል አርባ ሦስት ተማሪ አለኝ። በኅዳር ወር ስለ ካርታ አነባበብ ስንማር እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ እስከ ክፍሉ ያለውን መንገድ በወረቀት ላይ እንዲስል አዘዝኩ። ካርታዎቹን ግድግዳ ላይ ስንለጥፋቸው ሃያ ዘጠኙ አንድ ዓይነት ሆነው አገኘናቸው፤ መስመሩ ከኮንዶሚኒየሙ ሕንጻዎች ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመጣል፣ አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን የሆነ ነገር እንዳስደነገጠው ሁሉ ወደ ግራ ይታጠፍና በሰፈሩ ጋራዥ አድርጎ፣ በአስፋልቱ ዳር ዞሮ በዋናው በር ይገባል። መጀመሪያ ተኮራርጀዋል ብዬ ልቆጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤታችን ግቢ ሁለት በር አለው። ዋናው አስፋልቱ ላይ ነው፤ ሌላው በጀርባ በኩል በቀጥታ ወደ ኮንዶሚኒየሙ የሚያወጣ አረንጓዴ የብረት በር ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ተቆልፎ ይኖራል። አብዲሳ የሚባለው ተማሪዬ ርቀቱን በእርምጃ ለካ። በጀርባው በር ቢሆን ከመጨረሻው ሕንጻ እስከ ግቢው 112 እርምጃ፤ አሁን በሚዞሩበት ግን 2,340 እርምጃ ሆነ። በሪፖርቱ ግርጌም «በሦስተኛው ቆጠራ ላይ መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝ ሰዎች ስለነበሩ ጥቂት ስሕተት ሊኖር ይችላል» ሲል ጽፏል። ይህን ያህል ሐቀኛ ሪፖርት እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጽፌ አላውቅም።

ያ አስፋልት ደግሞ ጠጠርና አሸዋ የጫኑ ሲኖትራኮች የሚመላለሱበት፣ የእግረኛ መንገድ የሌለው አስፋልት ነው። ካርታውን በሳልንበት በዚያው ወር የአምስተኛ ክፍሏ ፊዮሪ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ ከአንዱ መኪና ጎን የወጣ ብረት ቦርሳዋን ይዞት ሄደ። ማንገቻው አሮጌ ስለነበር ተበጠሰና እሷ እዚያው ቀረች። ቦርሳው አዲስ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ በዚህ ቃና አልጽፍልዎትም ነበር።

በማግሥቱ ናዲያ የምትባል፣ ወላጆቿ ከሕንጻው ሥር ሱቅ ያላቸው፣ ከፊት ወንበር የማትጠፋ ተማሪዬ ተነሳችና በሩ ካልተከፈተ ለምን ተሠራ ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አርባ አንደኛው ስላይድ ትዝ አለኝና መልስ አልሰጠሁም፤ ጥያቄዋን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። በደንብ ተወያይተን «በሩን የዘጋው ማን ነው? የተዘጋውስ እስከ መቼ ነው?» ብለን አስተካከልነውና ሥራ ተጀመረ።

4ኛ. ለተማሪዎቼ ስለ መንግሥት አሠራር ከመጽሐፉ በላይ ስላስተማሩልኝ የየደረጃው ኃላፊዎችን በእርስዎ በኩል አመሰግናለሁ። ናዲያ «ማንን ጠየቅን»፣ «ምን አሉን»፣ «ወደ ማን ላኩን» የሚል ሰንጠረዥ አዘጋጅታ ነበር። ርእሰ መምህርታችን ወይዘሮ ትበርህ፣ ልጆቹን አስቀምጠው በትዕግሥት ያነጋገሩ ደግ ሰው ናቸው፤ በሩ የተዘጋው ከላይ በመጣ ትእዛዝ መሆኑን ነገሯቸው። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ የዘጋው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ትምህርት ቤቱም ከላይ ታዞ ይሆናል አሉ። ጽሕፈት ቤታችሁ ሲሄዱ መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ የድጋፍ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ እንዲያመጡ ነገረቻቸው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ደብዳቤ ለመጻፍ ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ያስፈልገው ነበር። በሦስት ወር ውስጥ «ወደ ማን ላኩን» በሚለው ዓምድ ሥር «ከላይ» የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ ተመዘገበ። ስለ እርስዎም በአንዱ ረድፍ «ኃላፊው፦ አሉ። ቦታ፦ ስብሰባ» የሚል ሰፍሯል። ስድብ አይደለም፤ መረጃ ነው።

በመጨረሻ፣ ሁሉም ተስፋ ሲቆርጥ፣ ልጆቹ ከበሩ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚቀመጡትን የጥበቃ ሠራተኛ ጋሽ ወልደጻድቅን ጠየቋቸው። ለምን በመጀመሪያ አልተጠየቁም ካሉኝ፣ በቅጹ ላይ «የመረጃ ምንጮች» ተብለው የተዘረዘሩት የሚመለከተው ኃላፊ፣ መጽሐፍና ድረ ገጽ ናቸው፤ ዘበኛ የሚል የለም። ይህ ግን ማመካኛ ነው፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። በየማለዳው ሰላም የምላቸው ሰው ያውቃሉ ብዬ ለአንድ ቀን አለማሰቤ ያሳፍረኛል።

ጋሽ ወልደጻድቅ ሁሉንም ያውቁ ነበር። በታኅሣሥ 2015 አዲሱ የመማሪያ ሕንጻ ሲመረቅ ትላልቅ እንግዶች መጡ። የሰፈሩ ሰው በጀርባ በር እየገባ እንዳያጨናንቅ አንድ ኃላፊ መጥተው እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ በሩን እንዲዘጉ ነገሯቸው። ዘጉ። እንግዶቹ ሪባን ቆርጠው፣ ምሳ በልተው፣ በዋናው በር ወጡ፤ ዋናው በር ደግሞ የሌላ ዘበኛ ነው። ናዲያ ታዲያ እንግዶቹ ከሄዱ ሁለት ዓመት አለፈ እኮ ስትላቸው የመለሱላትን ቃል በቃል ጽፋዋለች፤ «ልጄ፣ እስኪሄዱ ዝጋ አሉኝ። ሄደዋል ያለኝ ግን የለም።» እየቀለዱ አልነበረም፤ ጋሽ ወልደጻድቅ ከዚህ በፊት በሠሩበት ጋራዥ አንድ በር በራሳቸው ፈቃድ ከፍተው ከሥራ ተባረዋል። ከዚያ ወዲህ ያለ ደብዳቤ የከፈቱት በር የለም። በቃል ዝጋ ይባላሉ፤ መክፈቻው ግን ደብዳቤ ነው።

ልጆቹም ትእዛዙን የሰጡት ኃላፊ ማን እንደሆኑ ጠየቁ። ጋሽ ወልደጻድቅ ስማቸውን አያውቁም፤ ረጅም፣ ፋይል በብብታቸው የያዙ፣ ሰማያዊ ከረባት ያሰሩ ሰው እንደነበሩ አስታወሱ። የምርቃቱ ዕለት ፎቶ በወይዘሮ ትበርህ ቢሮ ውስጥ በፍሬም ተሰቅሏል። ከሥሩም የመርሐ ግብሩ አስተባባሪ ስም ተጽፏል። ክቡርነትዎ፣ ሰማያዊ ከረባት እንዴት ያምርብዎታል! ከኋላዎም ያቺ አረንጓዴ በር፣ ያኔ ገና ክፍት እንደሆነች፣ ጥርት ብላ ትታያለች።

እንግዲህ አርባ ሦስት ልጆች ለአምስት ወር «ከላይ» የሚባለውን አድራሻ ሲፈልጉ ቆይተው አገኙት። ተማሪ በራሱ ጥረት መልስ ላይ ሲደርስ ፊቱ እንደሚበራ ሥልጠናው ላይ ነግረውን ነበር። እውነት ነው፣ ይበራል።

5ኛ. ባለፈው ሰኞ የተማሪዎች ሥራ ዐውደ ርዕይ ላይ ተገኝተው የክፍላችንን ፖስተር ከዳር እስከ ዳር ስላነበቡልን አመሰግናለሁ። የፖስተሩ ድምዳሜ፣ ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ልድገመውና፣ ይህ ነበር፦ «በሩ የተዘጋው ለእንግዶች ነው። እንግዶቹ መሄዳቸውን የሚያረጋግጥ መረጃ አልተገኘም። ስለዚህ እንዳልሄዱ እንገምታለን።» እርስዎም አንብበው ሲያበቁ ይህ ከትምህርቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠየቁኝ። በሥልጠናው ሁለት ቀን ያልሰማሁትን ጥያቄ ከራስዎ አንደበት በመስማቴ ተደስቼ ልመልስ ስል ፖስተሩ እንዲወርድ አዘዙ። ክፍሉም በምትኩ «የአካባቢያችን የቱሪስት መስህቦች» በሚል ርዕስ እንዲሠራ መመሪያ ሰጡ። ተማሪዎቼ ትእዛዝዎን አክብረው አራብሳን በሙሉ በቅንነት አስሰዋል። እስካሁን ያገኟቸው ቱሪስቶች ከቦሌ ተነስተው በላያችን በሚያልፉት አውሮፕላኖች ውስጥ ያሉት ብቻ ናቸው። እነሱም እንደምናየው ከላይ ናቸው።

6ኛ. ከሁሉም በላይ ስለ ማስጠንቀቂያው ደብዳቤ አመሰግናለሁ። ሰኞ ከሰዓት ፖስተሩ ወረደ፤ ረቡዕ ጠዋት «ከጸደቀው እቅድ ውጭ ተማሪዎችን አላስፈላጊ ጥያቄ እንዲጠይቁ ማድረግ» የሚል፣ ቁጥር ያለው፣ ቀን ያለው፣ ክብ ማኅተሙ ደምቆ የተመታበት ደብዳቤ በእጄ ገባ። አንድ ቀን ተኩል! እኔ ገና የሙከራ ጊዜዬን ስላልጨረስኩ ደብዳቤው ማኅደሬ ውስጥ ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል፤ እናቴም ስለገባት ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ቢሆንም ደብዳቤውን ሳየው ደስ አለኝ። ለሁለት ዓመት ከአራት ወር «በሩ ይከፈት» የሚል ሁለት መስመር ያልወጣው ወረቀት ጠፍቶ፣ ቀለም ደርቆ ወይም ማኅተሙ ተሰብሮ ይሆናል ብዬ እሰጋ ነበር። ለካ ሁሉም ደህና ነው። ለካ ጽሕፈት ቤታችን ሲፈልግ በአንድ ቀን ተኩል መጻፍ ይችላል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ማስጠንቀቂያው ይነሳልኝ አልልም፤ ማኅደሬ ገና ባዶ ስለሆነ ቦታ አለው። ክረምቱ ግን እየመጣ ነው። ሰኔ ሲገባ የአስፋልቱ ዳር ውኃ ይተኛበታል፣ ልጆቹም ውኃውን ሲሸሹ መሐል መንገድ ይገባሉ፤ ሲኖትራኮቹ ደግሞ ለክረምት ብለው አይቆሙም። ተማሪዎቼ ሥራዎን ለማቅለል ረቂቁን አዘጋጅተው አያይዘዋል፦ «እንግዶቹ ሄደዋል። የጀርባው በር ይከፈት።» የሚቀረው ፊርማዎና ማኅተሙ ብቻ ነው። ለማኅተሙ ቦታ ይሆን ዘንድ ናዲያ በኩባያ ክዳን ክብ ሠርታለች።

ናዲያን ካነሳሁ አይቀር፣ ፖስተሩ የወረደ ዕለት ክፍል ውስጥ ብቻችንን ስንቀር ቀስ ብላ «ቲቸር፣ መጠየቅ ያስቀጣል እንዴ?» አለችኝ። በአርባ አንደኛው ስላይድ መሠረት መምህር መልስ ስለማይሰጥ ዝም አልኳት። እሷም መረጃ እየሰበሰበች ነው፤ ለጊዜው በእጇ ያለው መረጃ የእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ነው። አንድ ሌላ ቢጨምሩላት ብዬ ነው።

ሥልጠናዎን ከልቧ የሰማች፣ ስላይድዎን በስልኳ የያዘች፣ ማስጠንቀቂያዎን በክብር ያስቀመጠችና ወደፊትም መልስዎን በተስፋ የምትጠብቅ ታዛዥዎ፣

ዮሃና አረጋዊ
የሰባተኛ «ለ» ኅብረተሰብ ትምህርት መምህርት (በሙከራ ላይ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ትበርህ፣ ርእሰ መምህርት
ለኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ
ለጋሽ ወልደጻድቅ፣ የጀርባ በር ጥበቃ
ለእንግዶቹ፣ ባሉበት

ማስታወሻ፦ ይህን የጨመርኩት ዛሬ ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22 ነው። ደብዳቤው ሰኞ ሲለጠፍ ግልባጩን ለጋሽ ወልደጻድቅ ናዲያ ራሷ አደረሰችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ቀኑን አዩ፣ ስሙን አዩ፣ ከዚያ ማኅተሙ የታለ አሉ። ናዲያም በሩን ሲዘጉት ትእዛዙ ማኅተም ነበረው ወይ ስትል ጠየቀቻቸው። ጋሽ ወልደጻድቅ ለአንድ ቀን ሙሉ አሰቡበት። ማክሰኞ ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ አስቆሙኝና «ማን አዘዘህ ቢሉኝ፣ ልጆች ጠየቁኝ እላለሁ» አሉኝ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ከሰፈሩ ጋራዥ በተለመነ ዘይት ዝገቱን አስለቅቀው በሩን ከፈቱት። ፊዮሪ የመጀመሪያዋ ሆና ገባች፤ አብዲሳ ከኋላዋ እየቆጠረ 109 ላይ ደረሰና ሪፖርቱን አርሟል። ወይዘሮ ትበርህ በመስኮት አይተው መጋረጃቸውን ከፍተዋል። እስካሁን በበሩ የወጣ እንግዳ ስላላየን፣ አሁንም ግቢ ውስጥ ካሉ እባክዎ ያሳውቁን፤ አርባ ሦስቱ ልጆችና እኔ ተሰልፈን በክብር እንሸኛቸዋለን። ምናልባት በሩን ዳግም ማስዘጋት ቢፈልጉ ደግሞ በከንቱ እንዳይደክሙ፣ ጋሽ ወልደጻድቅ ከእንግዲህ መዝጋትም በደብዳቤ ነው ብለዋል፤ ደብዳቤውም ምክንያቱን፣ እስከ መቼ እንደሆነና የአዛዡን ሙሉ ስም መያዝ አለበት። ቅጹን ተማሪዎቼ አዘጋጅተውታል። ምክንያት የሚለው ዓምድ በቅድሚያ ይሞላ።